የወይን ጠጅን ከዋጋው ለይቶ መቅመስ

ደመወዝ በወጣ ሰሞን ጓደኞቹን ለራት የጠራ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከግሮሰሪው መደርደሪያ ፊት ቆሞ ሲያመነታ ይታያል። በአንድ ወገን የአገር ወይን ጠጅ፥ በሌላው ወገን ባሕር ተሻግሮ የመጣው ተደርድሯል። እጁ ወደ ርካሹ ሊዘረጋ ሲል «እንግዶቼ ምን ይሉኛል?» የሚል ሐሳብ ይይዘውና ውዱን አንሥቶ ይሄዳል። ራቱ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ብድሩ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ይከተለዋል። ለመሆኑ በዚያ ሁሉ ብር የገዛው ጣዕምን ነው ወይስ ስምን?

ይህን ጥያቄ ሌሎች ቀደም ብለው መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1976 ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ በፓሪስ የታወቁ ፈረንሳውያን ቀማሾችን ሰብስቦ የአገራቸውንና የካሊፎርኒያን ወይን ጠጅ ስሙን ሰውሮ አቀረበላቸው። በቀዩም በነጩም አንደኛ ያሉት የካሊፎርኒያው ሆኖ ተገኘ። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች አንዱን ወይን ጠጅ፥ አንድ ጊዜ «10 ዶላር ነው»፥ ሌላ ጊዜ «90 ዶላር ነው» እያሉ ለ20 ሰዎች አቀመሱ። ሰዎቹም 90 ነው ሲባሉ የበለጠ ጣፈጠን አሉ። እንግዲህ ዋጋ ከምላስ ቀድሞ ይናገራል ማለት ነው።

በአገራችንም ከውጭ ለመጣው ጠርሙስ ከሚከፈለው ገንዘብ ውስጥ የማጓጓዣው፥ የጉምሩኩና የኤክሳይስ ታክሱ ድርሻ አለበት። ይህ ሁሉ ይከፈላል እንጂ አይጠጣም።

ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ጓደኞች ገንዘብ አዋጥተው ፈተናውን ራሳቸው ቢያደርጉት መልካም ነው። ሦስት ጠርሙስ ይበቃል፤ ነገር ግን ሦስቱም ቀይ፥ ሦስቱም ደረቅ ይሁኑ። ለምሳሌ ጉደርን፥ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የወጣውን የዝዋይ ሪፍት ቫሊ ቀይና አንድ የውጭ አገር ወይን ጠጅ ጎን ለጎን ማቅረብ ይቻላል። አክሱማይት ጣፋጭ ስለ ሆነ ከእነዚህ ጋር አይሰለፍም፤ ጣፋጩን ከደረቁ ማወዳደር ፍርድ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ጠርሙሶቹን ለብቻው በጋዜጣ ጠቅልሎ 1፥ 2፥ 3 ብሎ ቁጥር ይስጣቸው። ሦስቱም እኩል ቀዝቀዝ ይበሉ፤ ለቀይ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ከዚያም ጥቂት ጥቂት ይቀዳ። አስቀድሞ ማሽተት ነው፤ የኮምጣጤ ወይም የረጠበ ካርቶን ሽታ ካለው ተበላሽቷልና ውድ ቢሆንም ከፈተናው ይወጣል። ቀጥሎ ጎንጨት አድርጎ በአፍ ውስጥ ማዘዋወር ነው፤ ጣፋጭነቱ፥ ኮምጣጣነቱና አፍን የሚያኮማትረው ባሕርዩ ተመጣጥነዋልን? ከአፍ ከወጣስ በኋላ ለዛው ይቆያልን? ለቀማሽ መትፋት ነውር አይደለም፤ ሦስተኛውን የሚዳኝ ምላስ ያልሰከረ መሆን አለበትና። በየመካከሉም ውሃና ዳቦ ይቅመስ።

ማንም ከመናገሩ በፊት እያንዳንዱ ከ10 የሚሰጠውን ነጥብ በወረቀት ላይ ይጻፍ። በተለይም አለቃ በማዕዱ ላይ ካለ ይህ ደንብ እንዳይረሳ፤ እርሱ «ግሩም ነው» ካለ በኋላ ነጻ ፍርድ አይገኝም።

ጋዜጣው ሲገለጥ የሒሳቡ ተራ ይመጣል። 75 ሳንቲሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ባለ15 ሳንቲሊትር 5 ብርጭቆ ይወጣዋልና ዋጋውን ለ5 ማካፈል ነው። የአንደኛው ብርጭቆ ዋጋ የሌላው እጥፍ ሆኖ ሳለ ነጥቡ በአንድ ብቻ ቢበልጥ፥ ያቺ አንዲት ነጥብ ይህን ያህል ታወጣለችን? መልሱ እንደ ኪሱና እንደ ምላሱ የየሰው ነው። ያሸነፈውም ከምግብ ጋር እንደገና ይቀመስ፤ አፍን የሚያኮማትር ቀይ ወይን ጠጅ በበርበሬ ላይ ሲደረብ ይበልጥ ይከረክራልና፥ ለብቻው ያማረው ከዶሮ ወጥ ጋር ላይስማማ ይችላል።

ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የድሮው አሳላፊ ጠጁን ከመስጠቱ በፊት ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ ጠጪውም ጠጁን የሚያመሰግነው ቀምሶ እንጂ የማሩን ዋጋ ጠይቆ አልነበረም። በብርሌ ያወቅነውን ዳኝነት በጠርሙስ ጊዜ የምንተውበት ምክንያት የለም። በሚቀጥለው ደመወዝ እንግዳ የሚጠራ ወጣት ጠርሙሱን ከነጋዜጣው ቢያቀርብ፥ እንግዶቹ ምን እንደሚሉት አስቀድሞ ከመፍራት ይልቅ ምን እንደሚሉ ሰምቶ ያውቃል።