የአምፕሊፋየር ኃይልና የስፒከር ዐቅም እንዴት ይመዛዘናሉ?

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ የቤት ዕቃ አመራረጥ ነው። ዕቃውም ሆም ቴአትር የሚባለው፥ ከቴሌቪዥን ጋራ ተያይዞ የሲኒማ ቤትን ድምፅ ወደ ሳሎን የሚያመጣው መሣሪያ ነው። ቴሌቪዥን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሳሳ በመሄዱ ምስሉ ሲያምር ድምፁ ደክሟል፤ በቀጭን ሣጥን ውስጥ ትልቅ ስፒከር ሊገባ አይችልምና። ስለዚህ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተ ሰብ ከብዙ ወራት ቍጠባ በኋላ ይህን መሣሪያ ሊገዛ ይወጣል። በሱቁም የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዋት?» የሚል ነው። ገዥው ቍጥሩ በበዛ መጠን ዕቃው የበለጠ ስለሚመስለው፥ አንዳንዱ ገንዘቡን በማያስፈልገው ኃይል ላይ ያፈሳል፤ ሌላው ደግሞ ስፒከሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ተቃጥሎ ዝም ይልበታል። ሁለቱንም የሚያሳስታቸው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የዋትን ትርጕም አለማወቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በስሞቹ እንስማማ። በተለምዶ «ድምፅ ማጉያ» እያልን የምንጠራቸው ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው። አንደኛው አምፕሊፋየር ነው፤ ከቴሌቪዥን የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብሎ ከሶኬት በሚያገኘው ኃይል ያበረታዋል። ሁለተኛው ስፒከር ነው፤ የበረታውን ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ዛሬ በየቤቱ የምናየው ስፒከር፥ ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. በገለጡት መንገድ የሚሠራ ነው። በብርቱ ማግኔት መካከል ቀጭን የሽቦ ጥቅል ይቀመጣል፤ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ጥቅሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከእርሱ ጋራ የተጣበቀውም ስስ ገበታ አየሩን እየገፋ ድምፅ ይፈጥራል። ይሁን እንጂ ከሚገባው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ በሽቦው ላይ ያርፋል። ስፒከርን የሚገድለው ይህ ሙቀት ስለ ሆነ ልብ እንበለው።

እንግዲህ በስፒከር ጀርባ «100 ዋት» የሚል ጽሑፍ ብናገኝ፥ «100 ዋት ካልተሰጠኝ አልሠራም» ማለት አይደለም። «ከዚህ በላይ አልችልም» ማለት ነው። በድልድይ ላይ እንደሚጻፈው የክብደት ወሰን ነው፤ ድልድዩ 20 ቶን ይችላል ስለ ተባለ በላዩ የሚያልፍ ሁሉ 20 ቶን መጫን የለበትም። በአምፕሊፋየር ላይ የሚጻፈው ዋት ደግሞ አምፕሊፋየሩ ድምፁን ሳያበላሽ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቍጥሮች እኩል ማድረግ ብቻውን መመዛዘን አይባልም። ምዘናው የሚጀምረው ብዙ ገዥ ከማያነበው ከሌላ ቍጥር ነው።

ያ ቍጥር፥ ስፒከሩ አንድ ዋት ተሰጥቶት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚያሰማው የድምፅ መጠን ነው፤ የሚለካውም በዴሲቤል ነው። ለቤት የሚሠሩ ስፒከሮች አብዛኛዎቹ ከ84 እስከ 92 ዴሲቤል ይደርሳሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ትልቅ ነው። ምክንያቱም ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር ስለሚያስፈልግ፥ ኃይሉ ዐሥር እጥፍ መሆን አለበት። ከዚህ የተነሣ ባለ 50 ዋቱን ትቶ ባለ 100 ዋቱን የገዛ ሰው እጥፍ ድምፅ አላገኘም፤ ያገኘው ጥቂት ጭማሪ ነው። በአንጻሩ 91 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር የመረጠ ሰው በ25 ዋት የሚያገኘውን ድምፅ፥ 85 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር የገዛው የሚያገኘው በ100 ዋት ነው።

አሁን በአንድ ሳሎን ውስጥ እናስላው። ስፒከሩ 88 ዴሲቤል የሚሰጥ፥ ተመልካቹም በ3 ሜትር ርቀት የተቀመጠ ይሁን። ድምፅ በሄደ መጠን ስለሚደክም፥ የግድግዳውን ማስተጋባት ሳንቈጥር፥ በ3 ሜትር ላይ 9 ዴሲቤል ተኩል ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ በአንድ ዋት 78 ዴሲቤል ተኩል ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። ሰው ከሰው ጋራ በአንድ ሜትር ርቀት ሲነጋገር ድምፁ ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋል። ፊልሙን በ70 ዴሲቤል አማካይ ድምፅ ብናዳምጥ ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚያስፈልገው ከአንድ ዋት እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን በፊልም ውስጥ ነጐድጓድ፥ የመኪና ግጭትና የመድፍ ተኵስ አለ፤ እነዚህም ከአማካዩ በ20 ዴሲቤል ሊበልጡ ስለሚችሉ በዚያች ቅጽበት 14 ዋት ያህል ይፈለጋል። እውነተኛ የሆነ ከ30 እስከ 50 ዋት ለእያንዳንዱ ስፒከር ቢኖር ለመካከለኛ ሳሎን ከበቂ በላይ ነው። በታላላቅ ሲኒማ ቤቶች መለኪያ 105 ዴሲቤል በሳሎናችን ይሰማ ብንል ግን ይኸው ስፒከር 450 ዋት ያህል ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን ጩኸት ስፒከሩም፥ ጆሮም፥ ጎረቤትም የሚችሉት አይደለም።

ክቡራን አድማጮች፥ ቀጥሎ የምንናገረው ለብዙ ሰው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስፒከር የሚቃጠለው በብርቱ አምፕሊፋየር ብቻ አይደለም፤ በደካማ አምፕሊፋየርም ይቃጠላል። 30 ዋት ብቻ የሚሰጥን አምፕሊፋየር ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገን ብናስጮኸው ከዐቅሙ በላይ ይጠየቃል። ሊሰጥ ያልቻለውንም ይቈርጠዋል፤ የድምፁ ሞገድ ክብ የነበረው ጫፉ በመቀስ እንደ ተቈረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል። ይህ መቈረጥ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል፤ የሙቀቱንም መጠን ይጨምራል። ቀጭን ድምፅ ሁሉ የሚላከው ትዊተር ወደሚባለው ትንሽ ስፒከር ነው። የትዊተር ሽቦ እጅግ ቀጭን በመሆኑ ለብዙ ጊዜ ሊሸከም የሚችለው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ «100 ዋት ይችላል» ቢባልም በውስጡ ያለው ትዊተር በባለ 30 ዋት አምፕሊፋየር ሊቃጠል ይችላል። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ ድምፁ ሲሻክር፥ ሲቧጭር፥ የንግግሩ ቃል ሲደበላለቅ፥ ወዲያው መቀነስ ይገባል። ከስፒከሩ ወሰን ጋራ እኩል የሆነ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ አምፕሊፋየር በለዘበ መጠን ቢሠራ፥ ሁልጊዜ እስከ ዐቅሙ ጫፍ ከሚጮኽ ደካማ ይልቅ ለስፒከሩ ደኅና ነው። ይሁንና ብርቱውም በማያስተውል እጅ ከገባ ያው ያቃጥላል።

ሌላው የሚመዘነው ኦም ነው። ይህ ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ሲሆን፥ ብዙውን ጊዜ 4፥ 6 ወይም 8 ተብሎ ይጻፋል። ኦሙ ባነሰ መጠን ከአምፕሊፋየሩ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ይበዛል። በ20 ቮልት ባለ 8 ኦም ስፒከር 50 ዋት ሲስብ፥ ባለ 4 ኦሙ 100 ዋት ይስባል። አምፕሊፋየሩ ይህን ለመሸከም ካልተሠራ ይግላል፤ ራሱን ያጠፋል፤ ወይም ይበላሻል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን ጐን ለጐን በአንድ መውጫ ላይ ማሰር እንደ አንድ ባለ 4 ኦም መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ካርቶን ተሟልተው የሚሸጡ ሆም ቴአትሮች በፋብሪካው እርስ በርሳቸው የተመዛዘኑ ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱን ነጥሎ ከሌላ መሣሪያ ጋራ የሚያገናኝ ሰው ግን አስቀድሞ ኦሙን ማንበብ ይገባዋል።

በመጨረሻም በካርቶን ላይ ስለሚጻፈው ዋት እውነተኛነት እንናገር። «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» በሚል ምልክት የሚጻፈው በብዙ መቶና በሺሕ የሚቈጠር ዋት፥ ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ነው። ልንጠይቀው የሚገባው «አር.ኤም.ኤስ.» ተብሎ የሚጻፈውን፥ ሳይቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው። በዚህ ጕዳይ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ደንብ አወጣ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ አሻሽሎ የመለኪያውን ሁኔታ በዝርዝር ወሰነ። ለእኛም የሚበጅ ቀላል ማረጋገጫ አለ። የመሣሪያውን ጀርባ አዙረን ከ220 ቮልቱ መሥመር የሚወስደውን ዋት እናንብብ። ከሶኬት 60 ዋት ብቻ የሚወስድ ዕቃ 1,000 ዋት ሳያቋርጥ ሊሰጥ አይችልም፤ ካልገባበት የሚወጣ ኃይል የለምና። እንዲሁም «100 ዋት» የተባለው ሁለት ስፒከር ብቻ ሲሠራ የተለካ ይሁን ወይስ አምስቱም ሲሠሩ፥ መጠየቅ ተገቢ ነው። አምስቱ ከአንድ ምንጭ ስለሚካፈሉ ድርሻቸው ያንሳል። በተለምዶ ቡፈር የምንለው የወፍራም ድምፅ ስፒከር የራሱ አምፕሊፋየር ቢኖረው ግን፥ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ከባድ ሸክም ወስዶ ሌሎቹን ያሳርፋቸዋል።

ለማጠቃለል ያህል፥ ገዥ ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ይያዝ። በመጀመሪያ የክፍሉን ስፋትና የመቀመጫውን ርቀት ይለካ፤ ቀጥሎ ስፒከሩ በአንድ ዋት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይጠይቅ፤ ከዚያም ኦሙ ከአምፕሊፋየሩ ጋራ መስማማቱን ይመልከት፤ ስለ ዋት የሚጠይቀው በመጨረሻ ነው። ዕቃውንም ከሱቅ ሳይወጣ አስከፍቶ፥ ንግግር ያለበትን ፊልም በመጠኑ ከፍ አድርጎ ያዳምጥ። ቃሉ ጥርት ብሎ ከተሰማውና ካልሻከረበት፥ ያ መሣሪያ የተመዛዘነ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጻፈው ቍጥር ግን ለካርቶኑ ጌጥ እንጂ ለጆሮ የሚሰጠው ጥቅም የለም።