ጨረቃ ጋርዳ ያጋለጠችው ኳዛር

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1959 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሰማይ የሬዲዮ ሞገድ የሚልኩ 471 ምንጮችን ቆጥረው መዘገቡ። የብዙዎቹ ማንነት ግን አይታወቅም ነበር። የሬዲዮ ሞገድ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚረዝም፣ የዚያን ጊዜ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ የምንጩን ስፍራ የሚጠቁመው በደፈናው ነው። ወደዚያው አቅጣጫ በብርሃን ቴሌስኮፕ ሲታይ ደግሞ ብዙ ከዋክብትና ጋላክሲዎች ይገኛሉ። ሞገዱን የላከው ከእነዚህ የትኛው ነው?

3ሲ 273 ለተባለው ምንጭ መልሱን የሰጠችው ጨረቃ ናት። ሲሪል ሃዛርድ የተባለው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጨረቃ በ1962 ይህን ምንጭ ደጋግማ እንደምትጋርደው ያውቅ ነበር። ለዚህ ሥራ የታጨው አውስትራሊያ ውስጥ ፓርክስ ላይ የተተከለው፣ ስፋቱ 64 ሜትር የሆነው ግዙፍ ዲሽ ነው። ኦገስት 5 ቀን ግን ጨረቃዋ ምንጩን የምትጋርደው ወደ አድማስ ተጠግታ ስለነበር፣ በጆን ቦልተን የሚመሩት የጣቢያው ሰዎች ዲሹን ከተለመደው ወሰን በታች አዘነበሉት።

የጨረቃ አካሄድ በስሌት ጠንቅቆ ይታወቃል። ስለዚህ ሞገዱ የጠፋበትና የተመለሰበት ሰዓት በትክክል ከተያዘ፣ በዚያች ቅጽበት የጨረቃ ጠርዝ የት እንደነበረ አስልቶ ምንጩን ማግኘት ይቻላል። ውጤቱ ከተጠበቀውም በለጠ፤ ምንጩ ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ተራ ኮከብ የሚመስል ነገር ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ከዚያው ከሚወጣ ቀጭን የብርሃን ጅረት ጫፍ ላይ።

ቀጥሎ ተራው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማርተን ሽሚት ሆነ። ሽሚት ካሊፎርኒያ ውስጥ በፓሎማር ተራራ በሚገኘው 5 ሜትር ቴሌስኮፕ የዚያን “ኮከብ” ብርሃን በየቀለሙ ዘርዝሮ ፎቶ አነሳ። ማንኛውም ንጥረ ነገር በብርሃን ውስጥ የራሱ መስመሮች አሉት፤ እነዚህ መስመሮች ግን ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም አሉ። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1963 ሽሚት የመስመሮቹን አቀማመጥ ሲያሰላ የሚያውቀው ሥርዓት ብቅ አለ። ሃይድሮጂን ነው! መስመሮቹ ሁሉ ግን በ16 በመቶ ያህል ወደ ቀዩ በኩል ተገፍተዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ሰዎቹን ግራ ያጋባቸው በጽንፈ ዓለም ውስጥ ከሁሉ የበዛው ንጥረ ነገር ነበር። እንግዳው ነገር ርቀቱ ነው። ይህን ያህል መገፋት ማለት ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ መራቅ ማለት ነውና።

ከዚያ ርቀት ኮከብ መስሎ መታየት የሚችል ነገር ፍኖተ ሐሊብን በሙሉ ከመቶ እጥፍ በላይ በብርሃን መብለጥ አለበት። (3ሲ 273 ያለው ሰንቡላ ውስጥ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ከአዲስ አበባ ሰማይ አናት ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። መጠነኛ ቴሌስኮፕና ጥሩ የሰማይ ካርታ ያለው ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል።) ይህ ሁሉ ኃይል የሚወጣው ደግሞ ከጠባብ ስፍራ ነው። ብርሃኑ በወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ይለዋወጣል፤ እንዲህ የሚለዋወጥ ነገር ብርሃን በዚያው ጊዜ ሊያቋርጠው ከሚችለው ርቀት ብዙም ሊሰፋ አይችልም።

ዛሬ ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ኳዛር የተባለው እንዲህ ያለ ነገር የሩቅ ጋላክሲ እምብርት ነው፣ በመሃሉም ግዙፍ ብላክ ሆል አለ የሚል ነው። ወደ እሱ የሚወድቀው ጋዝ ዙሪያውን እየተሽከረከረና እየተፋተገ ይግላል፤ የምናየው ብርሃን የዚያ ግለት ነው። በ2018 በቺሊ ቴሌስኮፖች የተደረገ ልኬት የ3ሲ 273 ብላክ ሆል ወደ 300 ሚሊዮን ፀሐይ የሚጠጋ ክብደት እንዳለው አሳይቷል። የሬዲዮው ሞገድ ምንጭ ግን ሌላ ነው። ከእምብርቱ በሚፈተለከው ጅረት ውስጥ ለብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖች፣ ፈትል በእንዝርት እንደሚጠመጠም፣ በመግነጢሳዊ መስክ ዙሪያ እየተጠማዘዙ ሞገዱን ይረጫሉ። ኳዛሮች ሁሉ እንዲህ አይደሉም፤ በሬዲዮ ጎልተው የሚሰሙት ከአሥሩ አንዱ ያህል ናቸው።

ኳዛሮች ከመራቃቸው የተነሳ ሰማይ ላይ ሲንቀሳቀሱ አይታዩም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከ1998 ጀምሮ ይፋዊው የሰማይ መለኪያ መረብ የተተከለው በእነሱ ላይ ነው። በተለያዩ አህጉራት ያሉ ዲሾች አንዱን ኳዛር በአንድ ጊዜ ይቀዳሉ፤ ሞገዱ ለእያንዳንዳቸው የደረሰበት ሰዓት በአቶሚክ ሰዓት ይነጻጸራል። ከዚያ ልዩነት በዲሾቹ መካከል ያለው ርቀትና መሬት በዕለቱ የዞረችበት ፍጥነት ይሰላል። የቀን ርዝመት በሴኮንድ አንድ ሺህኛ ያህል መጠን ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ስሌት በዚሁ ልኬት በየጊዜው ይታረማል።