ፕሮግራም ሲወድቅ ምን ይተርፋል?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 የ157 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። በማግሥቱ ሁለቱ የበረራ መቅጃዎች ተገኝተው ፓሪስ ተነበቡ፤ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የታወቁት ከነሱ ነው። ኮምፒዩተርም ነፍስ ባይጠፋበትም ፕሮግራም ሲወድቅበት የሚተወው መረጃ አለው። ኮር ደምፕ ይሉታል። «ኮር» የሚለው ስም የመጣው ጥንት ሜሞሪ ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ይሠራ ስለነበር ነው። ልዩነቱ፣ የአውሮፕላኑ መቅጃ ገና ሲነሣ ጀምሮ ሲቀዳ ይቆያል፤ ኮር ደምፕ ግን ልክ በወደቀበት ቅጽበት የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ችግሩ የሚመጣው ፕሮግራሙ ሥራውን በብዙ ክሮች ሲከፋፍል ነው። የተማሪ ውጤት የሚይዝ ፕሮግራም እንውሰድ፤ አንዱ ክር ከኪቦርድ ይቀበላል፣ ሌላው ይደምራል፣ ሦስተኛው ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ሜሞሪያቸው የጋራ ነው። የት እንደደረሰ የሚይዝበት ቁልል ግን እያንዳንዱ የየራሱ አለው።

አንዱ ክር የማይፈቀድለትን ቦታ ቢነካ ፕሮግራሙ በሙሉ ይወድቃል። ታዲያ ሊነክስ ወዲያው መጻፍ አይጀምርም፤ አስቀድሞ ሌሎቹን ክሮች ባሉበት ያስቆማል። ለምን ቢባል፣ ፎቶው እየተነሣ ሌላው ክር ሜሞሪውን ቢለዋውጠው ፎቶው ውሸት ይሆናል። ፈተና ላይ «ብዕር አስቀምጡ!» ተብሎ ሁሉም እጁን ካላነሣ ወረቀት አይሰበሰብም አይደል? እንደዚያው ነው። ከዚያ የሜሞሪውን ይዘት ይጽፋል፤ የእያንዳንዱንም ክር ሬጂስተሮች ለየብቻ፣ የወደቀውን አስቀድሞ ያሰፍራል። ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ በ1996 ዓ.ም. ከርነል 2.6 ከመውጣቱ በፊት ሊነክስ በተለምዶ የሚጽፈው የአንዱን ክር ሁኔታ ብቻ ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የወደቀው ክር ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለምና። ደማሪው ክር ቀደም ብሎ ያበላሸውን ቦታ አስቀማጩ ክር ሲነካ ሊወድቅ ይችላል። የወደቀውን ብቻ ያየ መርማሪ ንጹሑን ይከሳል።

ፋይሉን ፈልገው የሚያጡት ብዙዎች ናቸው። በብዙ የሊነክስ መሣሪያዎች የተፈቀደለት መጠን ዜሮ ስለሆነ ጭራሽ አይጻፍም። መብራት ድንገት ቢጠፋም የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ጸሐፊው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል።

ዊንዶውስ «ሚኒ» የሚባል ትንሽ ዓይነትም አለው፤ በዋናነት የክሮቹን ቁልል ይዞ አብዛኛውን ሜሞሪ ይተወዋል። እኔ ለውጭ ሰው የሚላክ ከሆነ ይኼኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በሙሉው ፋይል ውስጥ በዚያ ሰዓት ሜሞሪ ላይ የነበረ የይለፍ ቃልም ሆነ የተማሪ ስምና ውጤት እንዳለ ይገኛል። ትንሹም ቢሆን ከዚህ ፈጽሞ የጸዳ አይደለም።