ዝርዝር ሲጠፋ

ትልቁ ገንዘብ በእጅ እያለ ትንሹ ሲታጣ ገበያ ይቆማል። መንግሥት ዝርዝሩን እስኪያቀርብ ድረስ ግን ሕዝብ ጦሙን አያድርም፤ የራሱን ዘዴ ይፈልጋል።

በእኛ በጣና ዙሪያ ዘዴው ጨው ነበር። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በሬና በቅሎ ይገዙበታል እንጂ ለአንድ እፍኝ በርበሬ አይሆንም። ስለዚህ የዝርዝሩን ሥራ አሞሌ ሠራ። ይኸውም ከአፋር በረሃ ተፈልጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ በትግራይና በሰቆጣ በኩል ጎንደርና ጎጃም ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። ዳሩ ግን አሞሌ ጠርዙ ከተሸረፈ እንደ ሙሉ አይቆጠርም፤ ዝናብም ያሟሟዋል። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል ብርና ዝርዝር በፓሪስ ቢያስቀርጹም፣ አሞሌ ከገጠር ገበያ ቶሎ አልወጣም።

በጀርመንም እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት ተመሳሳይ ችግር ደረሰ። መዳቡና ኒኬሉ ለጦር መሣሪያ ሥራ ተወሰደ፤ የብሩን ሳንቲም ሕዝቡ ደበቀው። ስለዚህ ትናንሽ ከተሞች ሳይቀሩ ከዚንክና ከብረት የራሳቸውን ሳንቲም መቱ፤ ስሙም «ኖትጌልድ»፣ ማለት «የችግር ገንዘብ» ተባለ። ከጦርነቱ በኋላ የማይሰን ፋብሪካ ከሸክላ እንኳ ሠርቷል። ነገር ግን የአንዱ ከተማ ሳንቲም በሌላው ከተማ አያገለግልም ነበር። በኅዳር 1923 አንድ የአሜሪካ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ሲያወጣ ደግሞ በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከንቱ ሆነ።

እንግዲህ ልዩነቱን እናስተውል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። አሞሌ ገበያው እንቢ ቢለው ወጥ ውስጥ ይገባል። የጀርመኑ ብረት ግን አይበላም፤ ከኋላው የቆመው «መልሼ እቀበላለሁ» የሚለው የከተማው ቃል ብቻ ነበር። ቃሉ እስከ ጸና ድረስ ብረቱ ዳቦ ይገዛል።

ዛሬ ባለሱቅ «ዝርዝር የለም» ብሎ በመልስ ፈንታ ማስቲካ ሲሰጠን፣ ማስቲካው ገንዘብ መሆን አለመሆኑን መለየት ቀላል ነው፤ በማግሥቱ ለዚያው ባለሱቅ በማስቲካ ለመክፈል መሞከር ነው።