ስደተኛው ሐኪምና የልብ ዘበኛ

ነገሩ የሕክምና ቢሆንም ከኳስ እንጀምር። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጁን 26 ቀን 2003 ካሜሩን በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ከኮሎምቢያ ጋር የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ስትጫወት፣ የ28 ዓመቱ ማርክ ቪቪየን ፎዬ በ72ኛው ደቂቃ መሀል ሜዳ ላይ ማንም ሳይነካው ወደቀ። አልተነሳም። በኋላ ሲመረመር የልቡ ጡንቻ ከልክ በላይ የወፈረ ሆኖ ተገኘ። ከ18 ዓመት በኋላ፣ ጁን 12 ቀን 2021፣ የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ውስጥ ከፊንላንድ ጋር ሲጫወት እንዲሁ በግንባሩ ተደፋ። ልቡ ቆሞ ነበር። ሐኪሞቹ ወዲያው ደርሰው ደረቱን እየተጫኑ ልቡን በኤሌክትሪክ መሣሪያ መቱለትና ነቃ። ከቀናት በኋላም ደረቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ተቀበረችለት። በጣሊያን ሊግ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዞ መጫወት ስለማይፈቀድ ከኢንተር ሚላን ወጣ። በ2022 እንግሊዝ አገር ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫም ለአገሩ ጎል አገባ።

አንዱ ሞተ፣ አንዱ ተረፈ፤ የዕድል ጉዳይ ነው የሚል አይጠፋም። ዕድልም አለበት። ነገር ግን በኤሪክሰን ደረት ውስጥ ያለችውን ዕቃ መጀመሪያ ያሰባት ማነው ብለን ስንፈልግ ያገኘነው ታሪክ የስደተኛ ታሪክ በመሆኑ በዚህ ገጽ ልናወጋችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ልብ ጥቂት እንበል። ልብ የሚመታው በራሱ ኤሌክትሪክ ነው። በላይኛው ቀኝ ክፍሉ ላይ ትንሽ ጄኔሬተር ቢጤ አለችው፤ እሷ በየቅጽበቱ ምልክት ትሰጣለች፣ ምልክቱ እንደ ሽቦ በተዘረጋ መስመር ወደ ታች ይወርዳል፣ ጡንቻውም ተኮማትሮ ደም ይገፋል። ብልሽቱ ብዙ ዓይነት ነው። ምልክቱ ሲዘገይ ወይም መስመሩ ሲቋረጥ ልብ ቀርፋፋ ይሆናል፤ ሰውየው ዓይኑ ይጨልምበታል፣ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ለዚህ የሚቀበረው ፔስሜከር ይባላል። ሌላውና የከፋው ደግሞ የታችኛው የልብ ክፍል ትእዛዝ አልሰማ ብሎ ዝም ብሎ ሲርገበገብ ነው። በዚህ ጊዜ ልብ ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይገፋም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተደረሰለት ሰው አበቃለት። ይህን በኤሌክትሪክ ምት መልሶ የሚያስተካክለው ዲፊብሪሌተር ነው።

ፔስሜከር ቀድሞ መጣ። ኦክቶበር 8 ቀን 1958 ስዊድን ውስጥ ኦከ ሴኒንግ የተባሉ ቀዶ ሐኪም፣ ሩነ ኤልምክቪስት የተባሉ መሐንዲስ የሠሩትን ፔስሜከር አርኔ ላርሶን ለሚባል የ43 ዓመት ሰው ቀበሩለት። መሣሪያው ቅርጹን ያገኘው በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ፈሳሽ ፕላስቲክ ፈስሶበት ነው! ያ የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ። ላርሶን ግን በዕድሜው 26 መሣሪያ እየቀያየረ እስከ 2001 ኖረ፤ የሞተውም በ86 ዓመቱ፣ በልብ ሳይሆን በካንሰር ነበር።

አሁን ወደ ስደተኛው እንምጣ። ሚሼል ሚሮውስኪ በ1924 ዋርሶ፣ ፖላንድ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ናዚዎች አገሩን በያዙበት በ1939 ገና 15 ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡን ትቶ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሶቪየት ግዛት ሸሸ፣ ከከተማ ከተማ ሲንከራተት የጦርነቱን ዓመታት አሳለፈ። ሲመለስ ከቤተሰቡ የጠበቀው ሰው አልነበረም፤ በሕይወት የተረፈው እሱ ብቻ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት ስለማያስፈልግ እናልፈዋለን። ሕክምና መማር ፈለገ፣ ፈረንሳይኛ በቅጡ ሳይችል ፈረንሳይ ሊዮን ገብቶ ተማረ። አዎ፣ ፎዬ ከብዙ ዓመት በኋላ የወደቀባት ያቺው ሊዮን ናት። ሐኪም ሆኗልና ከዚህ በኋላ አንቱ እንበላቸው።

ዶክተር ሚሮውስኪ ወደ እስራኤል ሄደው በሃሪ ሄለር ሥር ሠሩ፤ ሄለር አለቃቸውም መምህራቸውም ነበሩ። በ1966 ሄለር የልብ ምታቸው እየተዛባ ደጋግመው ታመሙ። ሁሉም ያውቀዋል፣ አንድ ቀን ልባቸው መርገብገብ ይጀምራል። ምን ይደረግ? ዲፊብሪሌተር ያን ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ የሚቀመጥ ከባድ ዕቃ ነበር፣ ሰውየው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሆስፒታል አይተኛም። ሄለር ከቤተሰባቸው ጋር ማዕድ ላይ ሳሉ ሞቱ። ሚሮውስኪ ከዚያ ወዲህ በአንድ ሐሳብ ተያዙ፦ ሰውየው ወደ መሣሪያው መሄድ ካልቻለ መሣሪያው ለምን ከሰውየው ጋር አይሄድም? አሳንሶ ሰውነት ውስጥ መቅበር ማለት ነው። የጠየቋቸው ባለሙያዎች የማይሆን ነገር ነው አሏቸው።

በ1968 አሜሪካ ባልቲሞር ወደሚገኘው ሳይናይ ሆስፒታል ሄዱ። እዚያም ሞርተን ሞወር የሚባሉ ሐኪም ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው አገኟቸውና አብረው ጀመሩ። ገንዘብ የሚሰጥ አልነበረም። በ1972 አንድ ስመ ጥር የልብ ሐኪም፣ ዲፊብሪሌተር የፈጠራ ባለሙያ ሆነው ሳለ፣ ይህ የሚቀበር መሣሪያ ጥቅም የሚፈለግለት ጎዶሎ መፍትሔ ነው ብለው በሕክምና መጽሔት ተቹት። ሚሮውስኪ አልተመለሱም። ውሻ ላይ ቀበሩትና ፊልም አነሱ። ውሻው ቆሞ ሳለ ልቡ እንዲርገበገብ ይደረጋል፣ ይወድቃል፣ መሣሪያው ይመታዋል፣ ተነስቶ ጅራቱን ይቆላል። ተጠራጣሪዎቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? “ውሻው መውደቅና መነሳት ሰልጥኖ ይሆናል!” ከዚያ በኋላ የልቡን ምት የሚያሳየውን መስመርም አብረው መቅረጽ ግድ ሆነባቸው።

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1980፣ ሄለር ከሞቱ 14 ዓመት አልፎ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ልቧ ከአንዴም በላይ ቆሞባት ለነበረች ሴት መሣሪያው ተቀበረላት። ቀዶ ሕክምናውን የሠሩት ሌቪ ዋትኪንስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ፓስተር በነበሩባት በሞንትጎመሪዋ ቤተ ክርስቲያን ያደጉ። የያኔው መሣሪያ ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፣ ሆድ አካባቢ ይቀመጣል፣ ለመግጠምም ደረት ይከፈታል። የዛሬው ከአንገት አጥንት በታች ቆዳ ሥር ይገባል። የአሜሪካ መንግሥት በ1985 ፈቃድ ሰጠው። ዶክተር ሚሮውስኪ በ1990 በካንሰር አረፉ።

ይሠራል ወይ? በ2002 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ልባቸው ክፉኛ የተዳከመ 1,232 ሰዎችን ተከታተለ። በአማካይ በ20 ወር ውስጥ መሣሪያ ካልገባላቸው 19.8 በመቶ፣ ከገባላቸው 14.2 በመቶ ሞቱ። ተአምር አይደለም፣ ግን ከመቶ ሰው አምስት ስድስቱ ተረፈ ማለት ነው።

እንግዲህ የኛ ጥያቄ ይመጣል። ይህ ዕቃ በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛ ነው። ባትሪው ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ስለሚያልቅ እንደገና ተከፍቶ ይቀየራል። ለአንድ ስደተኛ ቀርቶ ለተቀባዩ አገር ዜጋም ከባድ ነው። በሌላ በኩል፣ ሀብታም አገር ውስጥ ሰው ሲሞት ባትሪው ገና ያላለቀ መሣሪያ አብሮት ይቀበራል ወይም ይጣላል። ታዲያ ያን አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ ፈትሾ ለሌላ መስጠት አይቻልም? በሌላ አነጋገር ሰልባጅ፣ ኬንያውያን ሚቱምባ የሚሉት፣ ልብ ውስጥ ይገባል ወይ? አንዳንዱ አንባቢ “ሸሚዙ ሳያንስ!” ይል ይሆናል። ቅሬታው ይገባናል፤ ግን ነገሩ በጥናት ተፈትሿል።

በ2020 የወጣ ጥናት ካናዳ ውስጥ ተሰብስበው ለሜክሲኮ፣ ለዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ለጓቴማላና ለሆንዱራስ የተላኩ መሣሪያዎች የተገጠሙላቸውን 1,051 ሰዎች፣ አዲስ ከተገጠመላቸው 3,153 ካናዳውያን ጋር አወዳደረ። አብዛኛው ፔስሜከር፣ የቀረው ዲፊብሪሌተር ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ ኢንፌክሽን ወይም ሞት በያገለገለው 2.0፣ በአዲሱ 1.2 በመቶ ሆነ፤ ተመራማሪዎቹ የሌላውን ሁኔታ ሲያመዛዝኑት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ ባለችበት በሰባት አገሮች 298 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ለግማሹ አዲስ፣ ለግማሹ ያገለገለ ፔስሜከር አስገጠመ። በኖቬምበር 2024 በተገለጸው ውጤት በ90 ቀን ውስጥ በያገለገሉት ላይ ብልሽት አልታየም፣ ኢንፌክሽኑም ከአዲሱ አልበለጠም። በእኛ አስተያየት ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ ለአካባቢያችን ቅርብ ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እስከዚያው ግን ማወቅ ያለብን አለ። ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ “ልክፍት ነው”፣ “የሚጥል በሽታ ነው” ብሎ መተው አይገባም። በተለይ እየሮጠ ወይም ከባድ ሥራ እየሠራ የወደቀ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይህንኑ ለይቶ ይናገር። የልብ ኤሌክትሪክ የሚያነሳ ምርመራ ሕመም የለውም፣ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። በሪሴትልመንት ሄዳችሁ እዚያ መሣሪያ የተገጠመላችሁ ካላችሁ ስልክ በደረት ኪስ አታኑሩ፤ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ።

ፊታችን የወደቀ ሰው ቢጠሩት የማይመልስ፣ የማይተነፍስ ወይም እንደ ማቃሰት ብቻ የሚል ከሆነ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ጀምሩ። ውኃ አትድፉበት፣ አትክበቡት። አንዱ እርዳታ ይጥራ፣ አንዱ በጀርባው ያስተኛውና የእጁን መዳፍ መሠረት ደረቱ መሀል ላይ አድርጎ፣ ሌላውን እጅ ደርቦ፣ ክንዱን ሳያጥፍ ይጫን፦ ከአምስት እስከ ስድስት ሳንቲሜትር ዝቅ እስኪል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። በየጫናው ደረቱ ተመልሶ እንዲነሳ ልቀቁት። ያደክማል፤ በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ፣ ሐኪም እስኪደርስ ወይም ሰውየው እስኪነቃ አታቋርጡ።