ደመወዝ የሌለው መድረክ

ቴያትር በአገራችን ከማኅበር ጋር የተቆራኘ ነው። ዛሬ ሀገር ፍቅር ቴያትር የምንለው በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበረ፤ ዓላማውም ወረራ ሲያሰጋ ሕዝቡን ለአገሩ ማነሣሣት ነበር። ኋላም በደርግ ዘመን የቀበሌ የኪነት ቡድኖች፣ በ1990ዎቹ ደግሞ የወጣቶች የፀረ ኤድስ ክበባት ድራማ አሳይተዋል። ከነዚህ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ደመወዝ አልነበራቸውም።

ታዲያ ያለ ደመወዝ ምን ያሰባስባቸዋል? መልሱ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» በሚለው ተረት ውስጥ ይገኛል። አንዱ ከእናቱ ቤት ጋቢ ይዋሳል፤ ሌላው ወንበር ይሸከማል፤ ሦስተኛው ቃል ለጠፋበት ከመጋረጃ ጀርባ ያስታውሳል። ተመልካቹ የሚያየው ግን ጨዋታውን ብቻ ነው።

ይህን ስናስብ ልባችን ወደ ጋምቤላ ይሄዳል። ጋምቤላ በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ እንዲሆን የተፈቀደ የባሮ ወደብ ነበረ፤ በክረምት ውሃው ሲሞላ ከካርቱም መርከብ ይመጣበት ነበር። በክልሉ አኝዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ፣ ከደጋ የመጡትም ጭምር ይኖራሉ። የአኝዋክና የኑዌር ቋንቋዎች የሩቅ ዘመዶች ቢሆኑም፣ አንዱ የሌላውን ሳይማር አይሰማም።

ኀዘንም አልፎበታል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በከተማይቱ ብዙ አኝዋኮች ተገድለዋል፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በከተማይቱ ውስጥ ውጊያ ሆኗል።

ቴያትር ብቻውን ሰላም ያመጣል አንልም። ነገር ግን ተጫዋች የራሱን ቃል ብቻ አጥንቶ መድረክ ላይ መውጣት አይችልም፤ ተራው መድረሱን የሚያውቀው የባልንጀራውን ቃል ሲሰማ ነው። አኝዋኩ ወጣት የኑዌሩን ንግግር፣ ኑዌሩም የአኝዋኩን ልብ ብሎ ካልጠበቀ ጨዋታው ይሰናከላል። ወር ሙሉ በየማታው እንዲህ የተለማመዱ ወጣቶች፣ በማግስቱ በገበያ ሲገናኙ ባዳ ለባዳ አይሆኑም።

ስለዚህ በጋምቤላም ሆነ በሌላ ከተማ፣ ወጣቶች ለልምምድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ቁልፍ ሲጠይቁ «ለጨዋታ ነው» ተብለው እንዳይመለሱ አደራ እንላለን። የሚለምኑት ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ክፍልና አንድ መብራት ነው።