የትግልና የቦክስ ውድድሮች ከጥንታዊቷ ኦሎምፒያ እስከ ዛሬ፤ ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ

ማለዳ ከየካ ክፍለ ከተማ ተነሥተው ወደ እንጦጦ ተራራ ከሚወጡት ስፖርተኞች መካከል ሯጮቹ ቢበዙም፣ ትንፋሻቸውን ለማጠንከር የሚሮጡ ቦክሰኞችም አይታጡም። እነዚህ ወጣቶች የሚወዳደሩበት ደንብ ብዙ ዋጋ ተከፍሎበት የመጣ ነው።

በግሪክ ኦሎምፒያ ትግል በ708፣ ቦክስ በ688፣ ሁለቱን ያጣመረው ፓንክራቲዮን ደግሞ በ648 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ወደ ውድድሩ ገቡ። በትግል የሚያሸንፈው ባላጋራውን ሦስት ጊዜ የጣለ ነበር፤ ይህም በአገራችን የባህል ትግል ጀርባን መሬት ከማስነካት ልማድ ብዙ አይርቅም። ቦክሱ ግን ዙር አልነበረውም። ተጋጣሚዎቹ ጓንት በማጥለቅ ፈንታ እጃቸውን በጠፍር ይጠቀልሉና አንደኛው ጣቱን አንሥቶ መሸነፉን እስኪያምን ይማታሉ። በፓንክራቲዮን ከመንከስና ዓይን ላይ ጣት ከመስደድ በቀር የተከለከለ ነገር እምብዛም አልነበረም።

የክብደት ምድብም አይታወቅም ነበር። ተጋጣሚ የሚለየው በዕጣ ስለሆነ ቀጭኑ ከግዙፉ ጋር ሊገጥም ይችላል። በ564 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አሪኪዮን የተባለ የፓንክራቲዮን ተወዳዳሪ አንገቱ ታንቆ ሳለ የባላጋራውን እግር ጠምዝዞ እጅ አሰጠው፤ እርሱ ግን በዚያው ቅጽበት ሕይወቱ አልፎ ነበር። የወይራው አክሊል ለአስከሬኑ ተሰጠ። ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 9 ስለ ቡጢና ስለሚጠፋ አክሊል መጥቀሱም አያስገርምም፤ የኢስትሚያ ጨዋታዎች የሚካሄዱት በዚያችው ከተማ አቅራቢያ ነበርና።

ዛሬ ተወዳዳሪዎች በክብደት ይመደባሉ፤ ጓንትና የጥርስ መከላከያ ያደርጋሉ፤ ዳኛው የተመታውን ቦክሰኛ እስከ ስምንት ቆጥሮ ይመዝነዋል። በዓለም አቀፍ የአማተር ቦክስ ደንብ ጭንቅላቱን ተመትቶ በዝረራ የተሸነፈ ቦክሰኛ ደህና ነኝ ቢልም ቢያንስ ለ30 ቀናት ይታገዳል። በሦስት ወር ውስጥ ከተደገመ እገዳው ወደ 90 ቀናት ያድጋል። ከሁሉም ይልቅ ሊከበር የሚገባው ይህ ነው፤ ጓንት እጅን ይጠብቃል እንጂ አንጎል ከመናወጥ አያድንም።

ስለሆነም ልጁን ለማስመዝገብ የሚፈልግ ወላጅ አሠልጣኙ ሠልጣኞችን በዕድሜና በክብደት ለይቶ እንደሚያጋጥም፣ አስቀድሞም የጤና ምርመራ እንደሚጠይቅ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ጥርጣሬ ካደረበት በወረዳው ወይም በክፍለ ከተማው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ልጁ ተመትቶ ራሱን ካዞረው፣ ካስመለሰው ወይም ያለበት ስፍራ ከጠፋበት ልምምዱ ወዲያው ይቋረጣል፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።